በታክሲ የተነበበ፣ እሑድ ማታ የተጻፈ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሠላሳ ዓመቴ ነው። የምኖረው ዓለም ገና፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው የሚለይበት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ስለምሠራ ጠዋትና ማታ ታክሲ ላይ ብዙ ሰዓት አሳልፋለሁ። በዚያ ሰዓት ከስልኬ አነባለሁ፤ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ የሰዎች የሕይወት ገጠመኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ደስ ያለኝን በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ። አሁን ከስምንት መቶ በላይ ሆኗል፤ ተመልሼ የከፈትኩት ግን ጥቂቱን ነው። እሑድ ማታ ደግሞ የሳምንቱን ውሎዬን በደብተር እጽፋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ በየሳምንቱ ለጓደኞቼ ለመላክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አቆምኩ። አንዷ ‹ረዘመ› አለችኝ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ባለፈው ወር ስለ ደም ግፊት ያገኘሁትን ጽሑፍ ለጎረቤቶቼ ብልክ አንዲት እናት አምነውኝ ኪኒናቸውን ለአራት ቀን ተዉ፤ ልጃቸው ደርሶባቸው ነው የተመለሱት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ምንም መላክ ፈራሁ። ባለቤቴም ‹ደሞዝ ለማያስገኝ ነገር እንቅልፍሽን ታጫለሽ› ይለኛል። ሰሞኑን የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ስለተገኘባት ስለ መልካ ቁንጥሬ አነበብኩ (ከእኛ ሠፈር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ አያቴ ድሮ የሕፃን ፀጉር የሚላጨው በባልጩት ነበር ትለኛለች)፤ ለማን ልንገረው ብዬ ተቃጠልኩ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ሰ. ነኝ፣ ከዓለም ገና።»

እኅቴ ሰ.፣

ቀጥዪ። መልሱን ፍለጋ እስከ መጨረሻው መስመር እንዳትሮጪ አስቀድሜ ነገርኩሽ።

ከጽሑፉ በፊት ግን የጎረቤትሽ ጉዳይ ይቀድማል። እኚህን እናት ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቀሻቸው እንደሆነ ደብዳቤሽ አይናገርም። ካልሄድሽ ዛሬ ሂጂ። የላክሽውን ማጥፋት አይበቃም፤ ለላክሽላቸው ሰዎች ሁሉ፣ በዚያው በላክሽበት ቦታ፣ «ስሕተት ነበር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» ብለሽ ጻፊ። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰው ኪኒናውን ትቶ ሦስትና አራት ቀን ምንም ሳይሰማው ስለሚቆይ ዳንኩ ብሎ ያምናል፤ ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይጨምርና አንድ ቀን አንጎልን ወይም ልብን ይጎዳል። ስለዚህ አንብቦ መድኃኒቱን የሚቀይር፣ ገንዘቡን የሚያወጣ ወይም ሌላውን የሚጠላ ሰው ሊኖር የሚችልበትን ጽሑፍ ምንጩን እስከ ሥሩ ሳትከተዪ ለማንም አትላኪ፤ የሕክምናውን ደግሞ ጨርሶ ለሐኪም ተዪው። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን እዚያው ይሁን። ስለ ጥንት የድንጋይ መሣሪያ የተጻፈ ታሪክ የማንንም ኪኒና አያስጥልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ንባብ ላይ በቅንፍ ውስጥ የደበቅሻት ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለችኝ። አያትሽ የሕፃን ፀጉር በባልጩት ይላጭ ነበር ብለውሻል። አንቺ ደግሞ ከቤትሽ ደጃፍ በሚጀምረው የቡታጅራ መንገድ ላይ ስላለችው መልካ ቁንጥሬ በስልክሽ አንብበሻል። መልካ ቁንጥሬና በአቅራቢያዋ ያለችው የባልጩት ድንጋይ መገኛ፣ ባልጭት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በዚያው በመልካ ቁንጥሬ፣ ሲምቢሮ በሚባለው ቦታ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ፍጡራን ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠሩበት የነበረ ሥፍራ መገኘቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ጥቁር መስታወት ነው፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚፈረከስና እጅ የሚቆርጥ ስለሆነ መልክ አስይዞ ለመቅረጽ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ያንን ድንጋይ በአንድ ወገን እነዚያ ጥንታውያን እጆች ጠርበውታል፤ በሌላ ወገን የሕፃን ፀጉር ተላጭቶበታል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማኖር የምትችይ አንቺ ነሽ፤ ዜናውን የጻፉት ሰዎች አያትሽን አያውቋቸውም። አንቺ ግን ዜናውን አንድ ቦታ ልታስቀምጪ፣ የአያትሽን ነገር ደግሞ በቅንፍ ልታልፊው ነበር።

ሦስት ጊዜ ያቆምሽውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የላክሽውን አላየሁም፤ ግን ከአነጋገርሽ ስገምተው በላይ ውሎሽ፣ በታች ደግሞ ያነበብሻቸው ነገሮች ዝርዝር ነበር። ውሎሽን የሚወድ ሰው ዝርዝሩ ይሰለቸዋል፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ሰው የራሱ ስልክ ሞልቶለታል። ጓደኛሽ «ረዘመ» ስትል የቃላቱን ብዛት የቆጠረች አይመስለኝም። ሁለት የማይተዋወቁ እንግዶች በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያየች ያህል ከብዷት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በየሳምንቱ ካነበብሽው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ፤ ምርጫሽም በሳምንቱ ውስጥ ከገጠመሽ አንድ ነገር ጋር የተነካካው ይሁን። የተነካካ ከሌለ ያን ሳምንት ውሎሽን ብቻ ጻፊ። በጣም ግሩም ሆኖ ካንቺ ቀን ጋር ያልተገናኘ ጽሑፍ ብታገኚ ርዕሱንና ጸሐፊውን በአንድ መስመር ከግርጌ አኑሪው፤ ከሁለት እንዳይበልጥ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሮም የኖረው ሴኔካ የሚባል ፈላስፋ በእርጅናው ዘመን ሉኪሊየስ ለተባለ ወዳጁ የጻፋቸው 124 ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ስለ ፍልስፍና ይጻፉ እንጂ በውስጣቸው ሰውየው ራሱ አለ፤ ካረፈበት ቤት በታች ያለው መታጠቢያ ቤት ጫጫታው እንዴት እንደነበር፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ምን እንደተሰማው ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ካነበበው ያገኛትን ሐሳብ ለወዳጁ እንደ ስጦታ ያቀርባል። ብዙ ነገር ማንበብ ይቻላል፤ በቀን ግን አንድ ሐሳብ መርጠሽ አዋህጂው ነው ምክሩ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ስጦታውን ከየት እንደሚያመጣ ነው። አብዛኛውን የሚወስደው ከኤፒኩሮስ፣ ማለትም እርሱ ከማይከተለው የፍልስፍና ወገን ነው። ወደ ሌላው ሠፈር የምገባው ከድቼ ሳይሆን እንደ ሰላይ ነው ይላል። አንቺም አንዳንድ ሳምንት የማትስማሚበትን ጽሑፍ ምረጪና የት ላይ እንደተለያያችሁ ጻፊ፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ጓደኞችሽን ያናግራል።

ሩቅ ሄድኩ እንጂ ልማዱ በቤታችንም አለ። አያቴ የሚደግሙበት የብራና ዳዊት መጨረሻው ላይ ጥቂት ባዶ ቅጠሎች ነበሩት። በእነዚህ ላይ የልጆቻቸውን ልደት በእጃቸው መዝግበዋል። የእናቴ እንዲህ ይላል፦ በዘመነ ሉቃስ፣ በሐምሌ ወር፣ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን የወሰደ ዕለት። በየቀኑ የሚያነቡት መዝሙርና የገዛ ቤታቸው ታሪክ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ኖሩ። በድሮ ገዳማትና አድባራትም የወርቅ ወንጌል በሚባሉት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝርና ስምምነት ይጻፍ ነበር። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ከዋናው ጽሑፍ ባልተናነሰ እነዚያን የጎን ማስታወሻዎች ይመረምራሉ። ለአንድ እሑድ የሚሆን ንባብ ከፈለግሽ ይህን ፈልጊ፦ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ 9 ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍትን ይዟል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን ተመዝግቦ በነጻ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ብዙውን የዝርዝር ሥራ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ግዕዝ ማንበብ ባትችዪም እንኳ የጸሐፊውን እጅ፣ የቀለሙን መፍዘዝ፣ በዳር ላይ የተጫረውን ነገር ማየት ብቻ አንድ እሑድ ይወስዳል።

ስለ ስምንት መቶው ክምችትሽ አጭር መልስ አለኝ፤ ተዪው። አንድ በአንድ ልጨርስ ብለሽ አትግቢበት፤ ዕዳ አይደለም። ለወደፊቱ ግን አሠራርሽን ቀይሪ። አንድ ጽሑፍ ስታስቀምጪ እዚያው ታክሲ ላይ ሳለሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጻፊ፤ የት ሆነሽ እንዳነበብሽውና ምን እንዳስታወሰሽ። «ካራ ቆሬ ላይ ዝናብ ይዞን ቆመን፣ ባልጩት የሚለውን ቃል ሳይ አያቴ ትዝ አለችኝ» ማለት በቂ ነው። እሑድ ደብተርሽን ስትከፍቺ የምትፈልጊው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። አገናኙ (ሊንኩ) ብቻውን ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግርሽም፤ ለምን እንዳስቀመጥሽው እንኳ ይጠፋሻል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሊወጣሽ ያልቻለውን ጽሑፍ አታስቀምጪው።

አገናኝን አለማመን ሌላም ምክንያት አለው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊከፈቱ አልቻሉም። ስለዚህ የወደድሽውን ጽሑፍ ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የታተመበትን ቀን በደብተርሽ ላይ በእጅሽ ገልብጪ፤ ዋና የሆኑትን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮችም ጨምሪ። በጣም የምትሳሺለትን ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጾችን እየቀዳ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አድራሻውን አስገብተሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ፤ ክፍያ የለውም። ኔትወርክ በሚጠፋበት መንገድ ላይ ማንበብ ከፈለግሽ ኪዊክስ የተባለው መተግበሪያ የአማርኛውን ውክፔዲያ ሙሉውን አውርዶ ስልክሽ ውስጥ ያኖርልሻል።

ቀን ስትገለብጪ አቆጣጠሩን አብረሽ ጻፊ። ዓመተ ምሕረቱን ከፈረንጆቹ ሳይለዩ መገልበጥ ታሪክን በሰባትና በስምንት ዓመት ያዛባል፤ እኔ በዚህ ስሕተት የተሠሩ ጽሑፎችን በየጊዜው አያለሁ፤ ያናድደኛልም፤ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ መጨመር የሚያድነው ጥፋት ነውና። በአማርኛ ስትፈልጊም ቃሉን በተለያየ ፊደል ሞክሪው። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ሰው አለ፣ በሀ የጻፈ አለ፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያይም። «በአማርኛ ምንም የለም» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ቃሉ በሌላ ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ ነው።

የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታስገቢ ጥቂት መስመር ጠቅሰሽ የማን እንደሆነ ተናገሪ እንጂ ሙሉውን አትለጥፊው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.፣ ምንጭ ጠቅሶ በልኩ መጥቀስን ይፈቅዳል። ከሕጉ በላይ ግን አንባቢሽ የሚፈልገው ያንቺን ቃል ነው። አንብበሽ ስልክሽን አጥፍተሽ ጉዳዩን ለአያትሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ ጻፊው፤ ያልገባሽ ቦታ ወዲያውኑ ይታወቅሻል።

አሁን ደግሞ ስለ ውሎሽ። ደብተርሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱን ለይተሽ ያዢ። ደብተሩ ላይ እንደመጣልሽ፣ ቁጣሽንም ኀዘንሽንም፣ የአማትሽን ነገርም ጻፊ፤ ማንም እንደማያነበው ሆነሽ። ለሌላ ሰው የሚሄደው ገጽ ላይ ግን ፈተናው አንድ ነው፤ የጻፍሽለት ሰው ለሌላ ቢያሳየውና በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ቢያነበው ፊቱን ቀና አድርጎ ሊያናግርሽ ይችላል? የባለቤትሽን ደሞዝ፣ የጎረቤትሽን ሕመም፣ የእኅትሽን ኑሮ ያለ ፈቃዳቸው አትጻፊ። ራስሽን ግን አትሸሽጊ። ብዙ ሰዎች ሰውን ላለማስቀየም ሲሉ የራሳቸውን ቀንም አብረው ያጠፉና የሚቀረው «ሳምንቱ በሰላም አለፈ» ብቻ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ከጎንሽ የተቀመጡት ሴትዮ የያዙት ጎመን፣ ረዳቱ መልስ ሲሰጥሽ ያለሽ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስትፈልጊ ያገኘሽው አሮጌ ፎቶግራፍ፤ እነዚህ ማንንም አይጎዱም፤ ዓለም ገናንም ያሳያሉ። ከከተማው ዳር የሚኖር ሰው ጽሑፍ ያንሰናል። የመሀል ከተማው ሆቴሎችና አደባባዮች ተደጋግመው ተጽፈዋል፤ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ከዓለም ገና ተነሥቶ አየር ጤና እስኪደርስ ሰው ምን እንደሚያስብ ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

ባለቤትሽ ስለ እንቅልፍሽ ያሉት እውነት ነው፤ ስለ ደሞዙ ያሉት ግን አይደለም። ገንዘብ የማያስገኝ ስንት ነገር በቤታችሁ ይደረጋል፤ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠየቃል። እሑድ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥሽን ግን ተዪ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ መድቢ፤ ገጹ ከአንድ የደብተር ቅጠል ፊትና ጀርባ አይበልጥ። ያም ሲያልቅ ያልጨረስሽው ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር። ከመላክሽ በፊት ደግሞ ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። አልሰማም ቢሉም ከጎናቸው ሆነሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የተሰናከለበትን ዓረፍተ ነገር አስተካክዪው።

ለብዙ ሰው አትላኪ። ዝም ያሉሽ ጓደኞችሽ ጠልተውሽ አይደለም፤ ለብዙዎች የተላከ ነገር ለማንም የተላከ አይመስልም። ሦስት ሰው ምረጪ፤ ለእያንዳንዳቸውም በስማቸው ጀምረሽ ጻፊ። አንደኛዋ ያቺው «ረዘመ» ያለችሽ ትሁን፤ ከሁሉም አንብባ መልስ የሰጠችሽ እርሷ ናትና። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድካሙ እንደገና ይመጣል። በዚያ ሳምንት አምስት መስመር ብቻ ጻፊና ላኪ፤ አምስት መስመር ደብዳቤ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የባልጩቱ ይሁን። እስከ እሑድ ግን አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ባልጩቱን ማን ከየት እንዳመጣው፣ ማን እንደሚላጭበት፣ ከተላጨ በኋላ ድንጋዩ የት ይቀመጥ እንደነበር፣ እጅ ይቆርጥ እንደሆነ፣ ምላጭ መቼ እንደተተካው ጠይቂያቸው። ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቃላቸውን እንደተናገሩት ጻፊው፤ አታስተካክዪው። ድንጋዩ ምናልባት ቤት ውስጥ አሁንም ካለ አምጥተው እንዲያሳዩሽ ለምኚያቸውና መልኩን፣ ክብደቱን፣ ጠርዙን ጻፊ። አንድ ግልባጭ ለእኔ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።